ሮመን ድረስ የመጣ የአሜሪካ ጠብ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከተማሪዎቼ ሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። አራት ቀለም የሰሌዳ እስክሪብቶ፣ የስም መጥሪያውንና በእጄ የሣልኩትን የኖርዌይ ካርታ ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደርድሬ ቆምኩ። ቀድመው የገቡት አንድ ሽበታም ሰው ኮታቸውን እያወለቁ፣ "ልጄ፣ መምህሩ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ወንበር ስበው ሊቀመጡ የነበሩት ሰውዬ ቀና ብለው አዩኝና እንደገና ተነሡ። "በይ እንግዲያው ቆመን እንቀበልሽ። ልጄ ማለቴን ግን አልተውም" አሉ። እኚህ አቶ ሙሉጌታ ናቸው። አልተዉም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ የተቀጠርኩትም ለዚያ ይመስለኝ ነበር። ወደ ኖርዌይ በስደት ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው ከቋንቋው ጎን ስለ አገሩ ሕግ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ዴሞክራሲ የሚማርበት ኮርስ አለ። ኮርሱ የሚሰጠው ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ነው፤ የእኔ ክፍል በአማርኛ ነው። ይህን ኮርስ ያልጨረሰና ፈተናውን ያላለፈ ሰው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ሲሄድ በሩ ይዘጋበታል።

ስለዚህ በእኛ ሥራ ከሰሌዳው ይልቅ የስም መጥሪያው ይከብዳል። ቀሪ ከተወሰነው በላይ የሆነበት ተማሪ ከቡድኑ ይወጣና የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የአማርኛ ቡድን ደግሞ ሰው ካልሞላ አይከፈትም። ዓመት የጠበቀ ሰው አውቃለሁ።

አለቃዬ ማሪት ትባላለች፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ከኋላ ተቀምጣ አየችኝ። አማርኛ አትሰማም፤ ግን ሲያልቅ፣ "ጥሩ ነው፤ የተናገርሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ። ከዚያ የጥግ ልምምድ የሚባለውን አሳየችኝ። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል። የሚስማማ ወደ አንዱ ጥግ፣ የማይስማማ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ለምን እዚያ እንደቆመ ይናገራል። በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ዘዴ ነው፤ እኔም ሆልምሊያ በሚባለው ሰፈር ስማር እንደዚሁ ጥግ ለጥግ ስመላለስ ነው ያደግኩት።

በእኔ ክፍል ግን እንደታሰበው አልሄደም። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል ነበረች፦ "ልጆች ትምህርት ቤት ስልክ ይዘው መግባት የለባቸውም።" ካነበብኩ በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም አቶ ሙሉጌታን ወይም ወይዘሮ እታገኘሁን ያያል። አቶ ሙሉጌታ ወደ መስኮቱ ጥግ ሲሄዱ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት ሁሉ ተከተሏቸው። እታገኘሁ ወደ በሩ ስትሄድ የበሩ በኩል ሰዎች ተነሡ። አንዱን ወጣት፣ "አንተ ለምን እዚህ ቆምክ?" አልኩት።

"እህት እታገኘሁ እዚህ ስለሆኑ" አለኝ፤ ምን ያስጠይቃል በሚል ዓይነት።

በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት ኦርቶዶክሶች፣ በበሩ በኩል ያሉት ደግሞ ጴንጤዎች መሆናቸውን ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። ማንም አላስቀመጣቸውም። ክፍል ውስጥ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ እስክሪብቶ ይዋዋሳሉ፤ ግን ትልቅ ሰው የቆመበትን ጥሎ ወደ ሌላ ጥግ መሄድ ነውር ይሆንባቸዋል። ወደ ጥግ ሂዱ ሲባሉ ወደ ሰው ነው የሚሄዱት።

ከሁለቱ ወገን ግን እርስ በርስ ቤተኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እታገኘሁ ሮመን በሚባለው የከተማው ሰፈር ትኖራለች፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ተረኛ ናት። ታደሰ በዚያው ሕንፃ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል፤ ሴት ልጁን ሶልያናን ብቻውን ያሳድጋል። መሐል ከተማ ቢየርቪካ ካሉት ቢሮዎች አንዱን ሠራተኞቹ ሳይገቡ በማለዳ ያጸዳል። ባርነሃገው፣ የሕፃናት መዋያው ማለት ነው፣ በዚያ ሰዓት አይከፈትም። ስለዚህ ታደሰ ጎህ ሳይቀድ ሶልያናን ከነብርድ ልብሷ ለእታገኘሁ ይሰጣታል፤ እታገኘሁ ቁርስ አብልታ ባርነሃገ ታደርሳታለች፤ እሱ ሥራውን ጨርሶ በቀጥታ ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። ታደሰ ይህን ኮርስ መከታተል የቻለው በእታገኘሁ ነበር።

የዴሞክራሲው ምዕራፍ ላይ የደረስነው የአሜሪካ ምርጫ በቀረበበት ሰሞን ነው። መጽሐፉ ስለ አሜሪካ አያወራም። ተማሪዎቼ ግን ከኖርዌይ ፓርላማ ይልቅ የአሜሪካን ምርጫ ያውቁታል፤ ሁሉም ስልኩ ውስጥ አንድ ዘመድ፣ አንድ ሰባኪ ወይም አንድ ተንታኝ አለው። በማወዳደር ላስተምር ብዬ ተዘጋጀሁ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳህን ሣልኩ፤ አንዱን በቀይ፣ አንዱን በሰማያዊ። "በኖርዌይ ቀይ ማለት የግራው ወገን ነው፤ በአሜሪካ ተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን እንዳታምታቱ" አልኩ። "አሁን አንድ ምግብ ቤት አስቡ። ሁለት ሳህን ብቻ ነው ያለው። ከአንዱ ዓሣውን ትወዳላችሁ፣ ከሌላው ድንቹን። ግን መቀያየጥ አይቻልም። በአንድ የምርጫ ክልል የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሦስተኛ ሳህን ይዞ የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለ ግብር፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሃይማኖት ያላችሁ ሐሳብ ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ሳህን ላይ መቅረብ አለበት። ውሎ ሲያድር ሰው ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ እወዳለሁ ማለት ይጀምራል። ከዚያ ሳህኑ ምርጫው መሆኑ ይቀርና ማንነቱ ይሆናል። የሌላው ሳህን ተመጋቢ ደግሞ የተሳሳተ ሰው መሆኑ ይቀርና ባዕድ ይሆናል።"

"ኖርዌይስ?" አሉ አቶ ሙሉጌታ።

"እዚህ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ብቻውን አይሞላም፤ መቀናጀት ግድ ነው።"

"በያይነቱ ነው በይና!"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከእኔ ማብራሪያ የእሳቸው አጭር ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ግን እታገኘሁ እጇን አወጣች።

"መምህርት፣ ይሄ ሁሉ ሳህን ምን ያደርጋል? ክርስቲያን የሆነ ሰው ለማን እንደሚመርጥ ይታወቃል። ለቀዩ ነው።"

"ማን አለ?" አለ ታደሰ ከመስኮቱ በኩል።

"ወንድሜ ዳላስ ነው የሚኖረው። እዚያው ያለ ሰው ነው የነገረኝ።"

"የኔስ ያጎት ልጅ የት ያለ መሰለሽ፣ ጨረቃ ላይ? ሚኒሶታ ነው ያለው። ስደተኛ የሆነ ሰው ለቀዩ አይመርጥም። አጥር የሚያጥርብሽን ሰው ትመርጫለሽ?"

"እኔ መጀመሪያ ክርስቲያን ነኝ። ስደተኛነት ያልፋል።"

"ላንቺማ አልፏል! ሥራሽን ያዝሽ፣ ቤትሽን ያዝሽ፤ አንቺ ምኑን ስደተኛ ሆንሽው? ስደተኛ አይደለሽም።"

"አንተም ክርስቲያን አይደለህም" አለች እታገኘሁ። "ማተብ ማሰር ብቻውን ክርስቲያን አያደርግም።"

የታደሰ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ። ከዚያ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ዕረፍት ነው አልኩ፤ ዕረፍት ግን አልነበረም፤ በመስኮትና በበር በኩል ያሉት ለየብቻ ሆነው ያንሾካሽኩ ነበር።

በማግሥቱ ታደሰ አልመጣም። በሚቀጥለው ቀን ትምህርቱ ሲጋመስ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ሲጋመስ የሚገባ ሆነ። ሶልያናን ራሱ ባርነሃገ ለማድረስ ሲል የሥራ ሰዓቱን ወደ በኋላ አስገፍቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀሪ ሆነው ይመዘገባሉ። የምመዘግበው እኔ ነኝ።

በዕረፍት ሰዓት መተላለፊያው ላይ ያዝኩት። "ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ከቀጠልክ ከቡድኑ ትወጣለህ።"

"አውቃለሁ።"

"ልጅቷን እትዬ እታገኘሁ ብታደርስልህስ?"

"ልጄን ቄስ ናቸው ያጠመቁልኝ" አለ። "የአረማዊ ልጅ ይዛ እንድትሄድ አላስቸግራትም።"

እታገኘሁንም ጠየቅኳት። "እኔ በሬን አልዘጋሁም" አለች። "ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ። እሷ ምን አጠፋች? ግን እኔም ሰው ነኝ። በሱዳን በኩል በእግሬ የመጣሁትን ሴትዮ ስደተኛ አይደለሽም አለኝ።"

እኔ መምህር ነኝ፤ ያለኝ መሣሪያ ትምህርት ነው። አንድ ልምምድ አዘጋጀሁ። ታደሰ እስኪገባ ጠብቄ ሁሉም ዓይኑን እንዲጨፍን ነገርኩ።

"ጸሎት ነው?" አሉ አቶ ሙሉጌታ።

"አይደለም። ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ የሚስማማ እጁን ያወጣል። የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልናገርም።"

አሜሪካኖች የሚጣሉባቸውን ጉዳዮች ወሰድኩ፤ የፓርቲም የቀለምም ስም አልጠራሁም። የታመመ ሰው ገንዘብ ባይኖረውም ይታከም። አገር በድንበሩ የሚገባውን ሰው ማወቅ አለበት። ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ይቀነስ። ልጅ በትምህርት ቤት ስለ ሃይማኖት ምን እንደሚማር የሚወስነው ወላጅ ይሁን። እጆች ወጡ፣ ወረዱ። ከላይ ሆኜ ሳያቸው መስኮቱና በሩ ተደባለቁ። ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሁሌ አብሮ ያወጣ አንድም አልነበረም። ትልቅ ሰው ሳያዩ የመለሱት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ይህንኑ ነገርኳቸው። "በሐሳብ ከሆነ ክፍሉን ለሁለት መክፈል አልችልም" አልኩ። "ፓርቲው ሲጠራ ነው የተከፈላችሁት። በአሜሪካም ይሄ ነው የሚሆነው፤ አንዱን ሐሳብ ማን እንዳመጣው ሳይነገረው የሚደግፍ ሰው ስሙ ሲነገረው ይቃወማል።" በጣም ጥሩ ትምህርት እንደሰጠሁ ተሰማኝ።

እታገኘሁ ግን፣ "መምህርት፣ እጃችንን አየሽ" አለች። "እኔን የነካኝ ግን የማንም እጅ አይደለም።"

ታደሰ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ሳይዞር ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከጠቡ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የእኔ ልምምድ እንደማይረባ ነው።

ማሪት የታደሰን ቀሪ አይታ ቢሮዋ ጠራችኝ። "ከእንግዲህ አንድ ቀን ከቀረ ከቡድኑ ይወጣል" አለች። "ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ጠባቸውን ደግሞ አንቺ ልትፈቺው አትችይም፤ ሥራሽ አይደለም።" እውነቷን ነው፤ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ዕርቅ የለም።

ያን ቀን ተማሪዎቹ ሲወጡ አቶ ሙሉጌታ ቀሩ። "ልጄ፣ ጠቡ የተነሣው በማን ቤት ነው?" አሉኝ።

"በክፍሌ።"

"እንግዲያው ቤቱ ያንቺ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ሽምግልና እንቀመጣለን። ከእታገኘሁ ቤተ ክርስቲያን አቶ ዮሐንስ የሚባሉ ሰው ይመጣሉ፤ በታደሰ በኩል እኔ አለሁ። የቤቱ ባለቤት ሳትኖር ግን አይሆንም።"

"እኔ በዕድሜ... አለቃዬም..."

"ቅዳሜ አለቃ የለውም።"

የአቶ ሙሉጌታ ቤት ሆልምሊያ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጥቂት ያስኬዳል። የሁለቱን ሳህኖች ሥዕል በትልቅ ወረቀት አሳምሬ ሥዬ፣ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። መግቢያው ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አቶ ሙሉጌታ ወረቀቱን አዩት።

"ምንድነው?"

"አሜሪካ ነው። ለማስረዳት።"

"አሜሪካን እዚሁ ጫማው ጋ ትተሻት ግቢ" አሉኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ታደሰና እታገኘሁ በሁለት ዳር ተቀምጠዋል። የአቶ ሙሉጌታ ባለቤት ትኩስ ቮፈል፣ የኖርዌዮቹን ጣፋጭ ቂጣ፣ ከነማርማላታው አቅርበው ነበር፤ ማንም አልነካውም። እኔ መሐል ላይ ተቀመጥኩ፤ እንዳልናገር ተነግሮኛል፤ እንደዚያ ቀን ዝም ያልኩበት ቀን የለም።

አቶ ዮሐንስ ታደሰን አስቀደሙት። "ያቆሰለህን ቃል ንገረን" አሉት።

ታደሰ ስለ አጥሩ ጀመረ። አቶ ዮሐንስ እጃቸውን አነሡ። "እሱ የዳላስና የሚኒሶታ ጉዳይ ነው፤ እነሱ ይጨርሱት። እኛ የጠየቅንህ አንተን ያቆሰለህን ቃል ነው።"

ታደሰ አጥሩን ተወ። "ክርስቲያን አይደለህም አለችኝ" አለ። "በሰው ፊት።"

እታገኘሁ ስትጠየቅ ስለ ምርጫው አልጀመረችም፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። "በሱዳን በኩል በእግሬ የመጣሁትን ሴትዮ፣ ስደተኛ አይደለሽም አለኝ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ማን ልክ ነው አላሉም። ማን ቀድሞ ተናገረ ብለውም አልመረመሩም። አቶ ዮሐንስ ወደ እታገኘሁ ዞረው፣ "ሐሳብሽን የጠየቀሽ የለም፤ ይዘሽው ሂጂ" አሏት። "ያንን አንድ ቃል ግን መልሺ።"

"የሰው ልብ ውስጥ ማን ገብቶ ያያል?" አለች እታገኘሁ፤ ድምፅዋ ወርዶ ነበር። "ክርስቲያን አይደለህም ያልኩትን መልሻለሁ። ምርጫውን ግን አልተውም።"

"የትኛውን ምርጫ?" አሉ አቶ ሙሉጌታ። "አሜሪካ ውስጥ ምን ድምፅ አለሽ?"

ታደሰ ሳይወድ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ የታደሰ ተራ ሆነ።

"በሱዳን በኩል መምጣትሽን አላውቅም ነበር" አላት።

"መች ጠየቅከኝ?"

"እኔ በሊቢያ ነው።"

"በሊቢያ?" አለች እታገኘሁ። "ሶልያናን ይዘህ?"

"በእናቷ ሆድ ነበረች፤ እዚያ ተወለደች። እናቷ እዚያው ቀረች።"

እታገኘሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በየጠዋቱ ልጅ ሲቀባበሉ ስለ ልብሷ፣ ስለ ሳሏ፣ ስለ ቁርሷ ተነጋግረዋል። በምን መንገድ እንደመጡ ግን አንዱ ሌላውን ጠይቆ አያውቅም። እኔም እንዲሁ፤ የሁለቱንም ስም በየቀኑ እየጠራሁ።

"ስደተኛ አይደለሽም ያልኩትን መልሻለሁ" አለ ታደሰ። "ይቅር ለእግዚአብሔር።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ "ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?" አለችው።

"ሰዓቴን እስክመልስ..."

"ሰዓትህንማ መልስ። ልጅቷን ከነጫማዋ አምጣልኝ፤ ባለፈው ቡትሷን ረስተህ ነበር።"

ቮፈሉን የበላነው ያኔ ነው። ቀዝቅዞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ "ታደሰ" አልኩ። "ያ" አለ በኖርዌጂኛ፤ ገና ከትምህርቱ መጀመሪያ። ከዚያ ወዲያ ቀሪ አልሆነም። ኮርሱን ከቡድኑ ጋር ጨረሰ፤ ፈተናውንም አለፈ።

ኮርሱ ገና ሳያልቅ፣ የአሜሪካ ምርጫ ሲጠናቀቅ ክፍሉ እንደገና ተንጫጫ። እታገኘሁ በቀዩ ጸናች፣ ታደሰ በሰማያዊው ጸና። "ወንድምሽን ደስ ይበለው በይው፤ ለኔ ግን እንዳትነግሪኝ" ይላታል፤ "ያጎትህን ልጅ አልቃሻ በለው" ትለዋለች። አንዱም ሌላውን አላሳመነም። ትምህርቱ ሲያልቅ በአንድ ቲባነ፣ በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ወደ ሮመን ይሄዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቡድኖች አስተምሬአለሁ። ሁለቱን ሳህኖች አሁንም እሥላለሁ፤ ጥሩ ማብራሪያ ነው። ጥያቄውን አስቀድሜ የፓርቲውን ስም ወደ ኋላ አደርጋለሁ። ጥግ የሚባለውን ልምምድ ዓይን አስጨፍኜ፣ በእጅ ነው የማሠራው።

አዲስ መምህራን ስለ አሜሪካ የሚነሣውን ክርክር እንዴት ልምራው ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ደንብ ነው። በክፍሌ ውስጥ ሰውን "ተሳስተሃል" ማለት ይቻላል። "ክርስቲያን አይደለህም"፣ "ስደተኛ አይደለሽም" ማለት ግን አይቻልም። ማን እንደሆነ የሚናገረው ባለቤቱ ነው፤ ሌላው ይጠይቀዋል።